«ገባችሁ?» ሲባል ራሴን የነቀነቅኩበት ዓመት

ትናንት ማታ ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ዩኒቨርሲቲ ሊገባ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። ስለ ሻንጣ፣ ስለ አንሶላ፣ ስለ ቻርጀር ስናወራ ቆየን። ልንዘጋ ስንል ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እቱ፣ ይከብዳል እንዴ?» አለኝ። «ኧረ ምንም አይከብድም፣ ትለምደዋለህ» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይከብዳላ! ለእኔ በጣም ከብዶኝ ነበር። ልጁ እውነቱን ፈልጎ ጠየቀኝ፤ እኔ ደግሞ አባብዬ ሸኘሁት።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። ለእሱም፣ እንደ እሱ ሻንጣ እያዘጋጀ ላለ ሰው ሁሉ፣ የፍሬሽማን ዓመቴን እንደነበረ ልጻፈው።

መጀመሪያ ያታለለኝ የትምህርት ፕሮግራሙ ነው። የተለጠፈውን ወረቀት ሳየው ደስ አለኝ። ሰኞ ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ ባዶ። ማክሰኞ አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ። ረቡዕ ጠዋት ምንም የለም። ሁሉም ተደምሮ በሳምንት 16 ሰዓት። ሁለተኛ ደረጃ እያለሁ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። አንዱ መምህር ሲወጣ ሌላው ይገባል። ስለዚህ ያ ባዶ ቦታ ሁሉ የእኔ የዕረፍት ጊዜ መሰለኝ።

ባዶው ሰዓት ራሱ የኮርሱ አካል መሆኑን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። ክሬዲት የሚባለው ነገር ምን እንደሚለካ አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አነበብኩ። በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች የሚሠራበት የክሬዲት ሥርዓት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመትን 60 ክሬዲት ብሎ ይቆጥራል። ይህም ከ1,500 እስከ 1,800 የሥራ ሰዓት ነው፤ አንዱ ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ማለት ነው። በዚህ ውስጥ ሌክቸሩ አለ፣ ብቻን የሚነበብበት አለ፣ አሳይመንቱ አለ፣ የፈተና ዝግጅቱም አለ። በአሜሪካ የተለመደው ስሌት ደግሞ ለአንድ የክፍል ሰዓት ቢያንስ ሁለት ሰዓት ከክፍል ውጭ ይጨምራል። የእኔን 16 ሰዓት በዚህ አስልቼ አየሁት። ሌላ 32 ሰዓት ይመጣል። ድምሩ 48። ሙሉ ሥራ ነው! እኔ ግን ሲሶውን እየሠራሁ ጨርሻለሁ ብዬ አልጋዬ ላይ ጋደም እል ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት የታደለንን ኮርስ አውትላይንም አጥፌ ቦርሳዬ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። የቱ ምዕራፍ ላይ መቼ እንደሚደረስ፣ ኩዊዙ ስንት እንደሚይዝ፣ ሚድ በየትኛው ሳምንት እንደሆነ ሁሉ እዚያ ላይ ተጽፎ ነበር። ወንድሜ፣ አንተ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈው። ቀኖቹን ስልክህ ላይ መዝግባቸው። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ እኔን ግን አምስት ሳምንት አስከፍሎኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

የሒሳብ ሌክቸራችን ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ወደ 200 ተማሪዎች እንሆናለን። መምህሩ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ ግን ይፈጥናሉ። ሰሌዳውን ሞልተው ሲጨርሱ ወደ እኛ ዞር ይሉና «ገባችሁ?» ይላሉ። ፊት ያሉት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መሃል ያሉትም ይነቀንቃሉ። እኔ በር አጠገብ ከኋላ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። ዙሪያዬን አያለሁ። ሁሉም እየነቀነቀ ነው። እኔም እነቀንቃለሁ። መምህሩ ሰሌዳውን ያጠፋሉ።

በሦስተኛው ሳምንት ሊሚት ጀመርን፤ አንድ ቁጥር ወደ ሌላ ሲጠጋ ውጤቱ ወዴት እንደሚጠጋ የሚያጠና የሒሳብ ርዕስ ነው። ኤፕሲሎንና ዴልታ የሚባሉ የግሪክ ፊደላት የቁጥር ቦታ ይዘው ይገቡበታል። «ለማንኛውም ከዜሮ ለሚበልጥ ኤፕሲሎን፣ ከዜሮ የሚበልጥ ዴልታ አለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጻፈ። ቃል በቃል ገለበጥኩት። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ምን እንደሚሉ ሊገባኝ አልቻለም። ኤፕሲሎን ከየት መጣ? ለምን እሱ ቀደመ? ማን ነው የሚመርጠው? እጄን ላወጣ አሰብኩ። ሼም ያዘኝ። 200 ሰው የገባውን ነገር እኔ ብቻ ተነስቼ «አልገባኝም» ልበል? ከዚያ «ገባችሁ?» ተባለ። ነቀነቅኩ።

አንድ ነገር ልናገር። በሁለተኛ ደረጃ ጎበዝ ተማሪ ነበርኩ። ጎበዝ መባል ደስ ይላል፣ ግን አንድ መጥፎ ልማድ ትቶብኛል። አለመረዳትን የሚያሳፍር ነገር አድርጌ እንዳየው አስተምሮኛል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደግሞ አጠገብህ የሚቀመጠው ሁሉ በየትምህርት ቤቱ ጎበዝ ሲባል የኖረ ነው። ሁላችንም አንድ ዓይነት ፍርሃት ይዘን ነው የመጣነው። ይህን ግን ማንም ለማንም አይናገርም።

የሚድ ፈተናው ሲደርስ ቸከልኩ። እውነቴን ነው፣ ከልቤ ነው የቸከልኩት። ደብተሬን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት ዓይነት ሃይላይተር ነበረኝ። ትርጉም በቢጫ፣ ቲዎረም በሮዝ፣ ምሳሌ በአረንጓዴ። በአራተኛው ንባብ ላይ ገጹን ገና ስገልጠው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ዓይኔ ያውቀው ነበር። «አለቀ፣ ያዝኩት» ብዬ ተኛሁ።

ፈተናው ላይ የሆነው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ጥያቄውን ሳነበው መልሱ ያለበት ገጽ ፊቴ ላይ ድቅን አለ። በግራ በኩል፣ ከላይ፣ ሮዝ ቀለም ያለበት፣ ከሥሩ የቡና ጠብታ የመሰለች የእስክሪብቶ ነጠብጣብ ያለችበት። ቦታውን በግልጽ አየዋለሁ። ጽሑፉ ግን የለም። ቀለሙን ነው የሸመደድኩት። ከ30 11 አገኘሁ።

በኋላ ይህ ነገር ለምን እንደሆነ ሳነብ አንድ ጥናት አገኘሁ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኬ የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ነው። አንዱ የተማሪዎች ቡድን አንድን ጽሑፍ በአራት ዙር እየደጋገመ አነበበ። ሌላው ቡድን በአንድ ዙር ብቻ አነበበና በቀሪዎቹ ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። 83 በመቶ ያህሉን አስታወሱ፤ ሌሎቹ 71 በመቶ። ከአንድ ሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ደጋግመው ያነበቡት ወደ 40 በመቶ ወረዱ፤ እየዘጉ የጻፉት 61 በመቶ ላይ ነበሩ።

አራት ጊዜ! ልክ እኔ ያደረግኩት ነው። ማታ ላይ «ያዝኩት» ያስባለኝም ያ የአምስት ደቂቃው 83 በመቶ ነበር። ደግሞ የሚገርመው፣ ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ራሳቸውም ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚያስታውሱ እርግጠኞች ነበሩ። ማንበብ ሲደጋገም ይቀላል። ሲቀል ደግሞ ያወቅን ይመስለናል።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ማታ ግን ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። የማውቀው 11 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነው። እማዬ ደወለች። «ፈተናው እንዴት ነበር?» «ደህና ነበር።» «ጎሽ የእኔ ልጅ።» ስልኩን ዘግቼ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። የምማረውን ትምህርት ልተወው አሰብኩ። ይህ ቦታ ለእኔ አይደለም፣ የገባሁት በስህተት ነው አልኩ።

ዶርማችን ውስጥ አራት ነበርን። መብራት ከጠፋ ቆይቷል። ከእኔ ፊት ለፊት ያለው አልጋ ላይ የምትተኛዋ ልጅ በሌክቸር ሰዓት ሁልጊዜ ፊት የምትቀመጥ ናት። መምህሩ «ገባችሁ?» ሲሉ ከሁሉም በላይ የምትነቀንቀው እሷ ነበረች። ሰቃይ ተማሪ ናት ብዬ ስለማስብ ብዙም አላዋራትም ነበር። በጨለማው ውስጥ በቀስታ ጠራችኝ።

«ነቅተሻል?»

«ነቅቻለሁ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ያ ዴልታ የሚሉት ነገር… ለአንቺ ገብቶሻል?»

ቶሎ መመለስ አቃተኝ። «አልገባኝም» አልኩ። ድምፄ ተሰበረ። «ለእኔም አልገባኝም» አለች። ከላይኛው አልጋ ሌላ ድምፅ መጣ፤ «እኔ እንኳን ዴልታው፣ ኤፕሲሎኑም አልገባኝ።» አራተኛዋ ተነስታ መብራቱን አበራችው። ለካ ማናችንም አልተኛንም ነበር። ውጤታችንን ተናገርን። 11፣ 14፣ 9፣ 12። ፊት የምትቀመጠዋ ልጅ 9 ነበረች።

ያን ሌሊት ሳስታውስ አሁንም ደረቴ ይሞቃል። ከዚያ በፊት ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ አብረን እየተኛን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን ነበር የምንፈራው።

ዴል ሚለርና ካቲ ማክፋርላንድ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህንኑ ነገር ፈትነውት ያውቃሉ። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ለተማሪዎች ሆን ተብሎ ግራ እንዲያጋባ የተጻፈ ጽሑፍ ሰጧቸው። ያልገባው መጥቶ መጠየቅ እንደሚችል ነገሯቸው። ማንም አልጠየቀም። እያንዳንዱ ተማሪ ራሱ ያልጠየቀው አፍሮ እንደሆነ ያውቃል። የሌሎቹን ዝምታ ሲያይ ግን «ገብቷቸው ነው» ይላል። የእኛ አዳራሽ በሙሉ እንዲህ ነበር። 200 ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ይነቀንቃል። መምህሩ ምን ያድርጉ? ከፊታቸው የሚያዩት የሚነቀነቅ ጭንቅላት ብቻ ነው።

በማግስቱ አራታችንም ተያይዘን መምህሩ ቢሮ ሄድን። በራቸው ላይ የማማከሪያ ሰዓታቸው ተለጥፏል። ያ ወረቀት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እዚያ ነበር። እኔ ግን ቢሮ የሚሄደው ጥፋት ያጠፋ ወይም በጣም ጎበዝ የሆነ ተማሪ ይመስለኝ ነበር። በሩን ለማንኳኳት እንኳ አንዳችን ሌላችንን ስንገፋ ቆየን። ገብተን «ሊሚት አልገባንም» ስንላቸው ፈገግ አሉ። «እስከ አሁን የት ነበራችሁ?» አሉን። ወቀሳ አልነበረበትም።

ወረቀት አወጡ። «ኤክስን በ2 አባዝተን 1 እንጨምር። ኤክስ ወደ 3 ሲጠጋ ውጤቱ ወዴት ይጠጋል?» «ወደ 7።» «ጥሩ። አሁን እንደ ጨዋታ እዩት። እናንተ ውጤቱ ከ7 ቢበዛ ምን ያህል እንዲርቅ እንደምትፈቅዱ ንገሩኝ። እኔ ደግሞ ኤክስ ለ3 ምን ያህል መቅረብ እንዳለበት እነግራችኋለሁ።» «0.1» አልኩ። «እንግዲያው ኤክስ ከ3 ያለው ርቀት ከ0.05 ይነስ። 0.01 ብትይ 0.005 እልሻለሁ። ሁልጊዜ መልስ ካለኝ፣ ሊሚቱ 7 ነው። የአንቺ ቁጥር ኤፕሲሎን ነው። የእኔ ዴልታ ነው።»

አለቀ። ለምን ኤፕሲሎን እንደሚቀድም ገባኝ፤ ጠያቂው ስለሚቀድም ነው። ሦስት ሳምንት ያሠቃየኝ ነገር በአሥር ደቂቃ ተፈታ። ከቢሮው ስንወጣ ፊት የምትቀመጠዋ ልጅ ክንዴን ይዛ «ይኸው ነው?» አለችኝ። ሁለታችንም ስንስቅ ዓይናችን እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ባዶ ክፍል እየፈለግን መሰብሰብ ጀመርን። አንድ ደንብ ብቻ ነበረን። ደብተር ይዘጋል። ተራዋ የደረሰች ልጅ ሰሌዳው ጋ ትወጣና ትምህርቱን ለሦስታችን ታስረዳለች። ስትቆም «እዚህ ጋ ነው የማላውቀው» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሁላችንም ሁለት ደቂቃ ሳንሞላ ነበር የምንቆመው። በጣም ያደክማል። ደጋግሞ ማንበብ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ዕረፍት ነው። ግን የቆምንበት ቦታ በትክክል ይታወቃል፤ የሚጠናው እሱ ነው። ሃይላይተሮቼን ለአንዲት የሌላ ዶርም ልጅ ሰጠኋቸው።

ስለ ግሬድም አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም እኔ ጊዜዬን ለሁሉም ኮርስ እኩል እያካፈልኩ ነበር። ውጤት ከ4 በሚሰላበት ቦታ እያንዳንዱ ግሬድ በክሬዲቱ ይባዛል። 16 ክሬዲት ወስደሃል እንበል። የ1 ክሬዲቱን ኮርስ ከቢ ወደ ኤ ብታሳድገው አማካይህ ላይ የሚጨመረው 0.06 ገደማ ነው። የ4 ክሬዲቱን ከሲ ወደ ቢ ብታሳድገው 0.25 ይጨምርልሃል። እኔ የሚቀለኝን ኮርስ ደስ ስለሚለኝ እደጋግመው ነበር። የሚከብደኝ ባለ 4 ክሬዲቱን ደግሞ እሸሸው ነበር። ሰው ከሚከብደው መሸሹ ያለ ነው። ግን ስሌቱን ማወቅ ይጠቅማል።

ብቸኝነቱን ዘልዬው ልሄድ ነበር። ልክ አይሆንም።

አመሻሽ ላይ ነው የሚብሰው። ጀምበር ስትጠልቅ፣ ግቢው ውስጥ ሰው ሁሉ ሁለት ሦስት እየሆነ ሲሄድ። ሁሉም ጓደኛ ያለው ይመስላል። የድሮ ጓደኞቼ የቡድን መልእክት መጀመሪያ በቀን መቶ ይደርስ ነበር፤ በሁለተኛው ወር በሳምንት አንድ ፎቶ ሆነ። ብዙ ቅዳሜዎችን ስልክ ላይ የማወራ መስዬ ብቻዬን ተራምጃለሁ። ስልኩ ተዘግቶ ነበር።

ግሬጎሪ ዋልተንና ጄፍሪ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሥራ ስለዚህ ነው። ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ከእነሱ በፊት የገቡ ተማሪዎችን ታሪክ አስነበቡ። ታሪኩ «እኔም መጀመሪያ ቦታዬ አልመስል ብሎኝ ነበር፣ ከጊዜ ጋር አለፈ» የሚል ነው። ከዚያ ተማሪዎቹ የራሳቸውን ልምድ ለቀጣዮቹ ገቢዎች ጻፉ። ይህ ሁሉ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀው። በሦስት ዓመት ውስጥ የጥቁር አሜሪካውያን ተማሪዎች ውጤት ይህን ካላገኙት እኩዮቻቸው በልጦ ተገኘ። በነጮቹ ላይ ግን ብዙ ለውጥ አልታየም። ይህም ይገባኛል። «እዚህ ቦታ አልፈለግም ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ሁሉንም እኩል አይከብድም። ቤተሰቡ ውስጥ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ የረገጠው ልጅና አባቱም አያቱም የተማሩለት ልጅ፣ አንድ ዓይነት 11 ቢያገኙ እንኳ ቁጥሩ የሚነግራቸው ነገር አንድ አይደለም።

እኔ ለቤተሰቤ የመጀመሪያዋ ነኝ። ለዚያ ነው ለእማዬ «ደህና ነበር» ያልኳት። ከወር በኋላ እውነቱን ስነግራት የተቆጣችኝ በውጤቱ አልነበረም። «ብቻሽን ስታለቅሺ ነበር ማለት ነው?» አለችኝ። እሱ ነው የቆጫት።

ሁለተኛው ፈተና ላይ ከ30 19 አገኘሁ። መጨረሻ ላይ ኮርሱን በቢ ጨረስኩት። ፊት የምትቀመጠዋ ልጅ ኤ አመጣች። አሁንም ፊት ትቀመጣለች፤ ካልገባት ግን እጇን ታወጣለች። መጀመሪያ ቀን እጇን ስታወጣ አዳራሹ ውስጥ የሰማሁትን ድምፅ አልረሳውም። እንደ ትንፋሽ ያለ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው በአንዴ ዘና ሲል የሚሰማ።

ይህን ጽፌ ከመለጠፌ በፊት ለወንድሜ መልሼ ደወልኩለት።

«ትናንት የነገርኩህ ልክ አልነበረም። ይከብዳል» አልኩት።

ዝም አለ።

«ምኑ ነው የሚከብደው?»

«እስክሪብቶ አለህ?» አልኩት። «ወረቀትም አምጣ። ኤክስን በ2 እናባዛና 1 እንጨምር።»